ከ6 ወደ 12 ቮልት፦ የአሮጌው ትራክተር ፊዚክስ

እ.ኤ.አ. ከ1947 እስከ 1952 በአሜሪካ የተመረተው ፎርድ 8ኤን ትራክተር ዛሬም በዚያ አገር በገበሬዎችና በአሮጌ ተሽከርካሪ ወዳጆች እጅ ይገኛል። ከፋብሪካ ሲወጣ የተገጠመለት ባትሪ 6 ቮልት ነበር። በብርድ ማለዳ አልነሣ እያለ ያስቸገራቸው ብዙ ባለቤቶች ባትሪውን በ12 ቮልት ይተኩታል፤ ሞተሩም አብዛኛውን ጊዜ ፈጥኖ ይነሣል። ምክንያቱ ምንድን ነው? ለውጡስ ሁልጊዜ ያስፈልጋልን?

የእርሳስና የአሲድ ባትሪ አንዱ ክፍል (ሴል) ሙሉ ሲሆን 2.1 ቮልት ያህል ይሰጣል። ሦስቱ በተከታታይ ሲያያዙ 6 ቮልት የምንለውን፣ ስድስቱ ደግሞ 12 ቮልት የምንለውን ያስገኛሉ። የኤሌክትሪክ አቅም የቮልቴጅና የኮረንቲ ብዜት ነው። ስለዚህ 1200 ዋት ለማውጣት ባለ 6 ቮልቱ ባትሪ 200 አምፔር፣ ባለ 12 ቮልቱ ግን 100 አምፔር ይልካል። የገመዱና የማያያዣዎቹ ሬዚስታንስ 0.01 ኦም ነው እንበል። በመጀመሪያው 2 ቮልት፣ ማለትም ከጠቅላላው ሢሶው፣ በመንገድ ይቀራል፤ 400 ዋትም ሙቀት ሆኖ ይባክናል። በሁለተኛው የሚጠፋው 1 ቮልትና 100 ዋት ብቻ ነው።

ነገር ግን ይህ ስሌት የሚሠራው ሞተሪኖውም ለ12 ቮልት ተብሎ የተሠራ ሲሆን ነው። አብዛኞቹ ባለቤቶች የቀድሞውን ሞተሪኖ አይቀይሩም። በዚህ ጊዜ ኮረንቲው አይቀንስም፤ ሞተሪኖው መዞር ሳይጀምር ባለው ቅጽበት እንዲያውም በእጥፍ ይጨምራል። በገመዱ የሚባክነው ሙቀት ደግሞ አራት እጥፍ ይሆናል። ትራክተሩ ፈጥኖ የሚነሣው ብክነቱ ስለ ቀነሰ ሳይሆን፣ ከብክነቱ የሚተርፈው ቮልቴጅ ስለ በዛ ነው። ስለዚህ ሞተሪኖውን ለረጅም ጊዜ ሳያቋርጡ ማስዞር አደገኛ ነው።

ሌሎቹ ክፍሎችም አብረው ሊታሰቡ ይገባል። ባለ 6 ቮልት አምፖል በ12 ቮልት ወዲያው ይቃጠላል። ለሻማው እሳት የሚያመነጨው ቦቢና 1.5 ኦም ቢኖረው፣ ከ6 ቮልት 4 አምፔር፣ ከ12 ቮልት ግን 8 አምፔር ይወስዳል፤ ሙቀቱም ከ24 ወደ 96 ዋት ያሻቅባል። ሌላ 1.5 ኦም በተከታታይ ሲጨመርለት ኮረንቲው ወደ 4 አምፔር ይመለሳል። የድሮው ዲናሞ ባለ 12 ቮልት ባትሪ መሙላት ስለማይችል በአልተርኔተር ይተካል። በዚህ ትራክተር ላይ ከብረት አካሉ ጋር የተያያዘው የባትሪው ፖዘቲቭ ጫፍ ሲሆን፣ በተለመዱት አልተርኔተሮች ግን መያያዝ ያለበት ኔጋቲቩ ነው። ጫፎቹ ቢዛነፉ በአልተርኔተሩ ውስጥ ያሉት ዳዮዶች ይቃጠላሉ።

እንግዲህ ከለውጡ በፊት መቅደም ያለበት መለካት ነው። ሞተሪኖው በሚዞርበት ጊዜ የቮልት መለኪያውን አንድ ጫፍ በባትሪው ምሰሶ ላይ፣ ሌላውን በዚያው ገመድ መጨረሻ ላይ ማሳረፍ ይበቃል። ንባቡ ለዜሮ የቀረበ መሆን አለበት። 1 ቮልት ካሳየ ከስድስቱ አንዱ ሞተሪኖው ዘንድ ሳይደርስ ቀርቷል ማለት ነው። ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ የዛገ ማያያዣ ወይም ለ12 ቮልት ታስቦ የተሠራ ቀጭን ገመድ ነው። ማያያዣውን ማጽዳትና ወፍራም ገመድ መግጠም ወጪው ትንሽ ነው፤ ከዚያ በኋላ በ6 ቮልት ያለ ችግር የሚነሣ ትራክተር ጥቂት አይደለም። ዝገቱን ትቶ ቮልቴጁን ብቻ ማሳደግ ግን ሕመሙን መሸፈን እንጂ ማዳን አይሆንም።