የቆዳ ፋብሪካው እሳትና ሃይድሮጅን

በሞጆና በአካባቢዋ የቆዳ ፋብሪካዎች ጭስ ማውጫ ከቆመበት ዘመን አንሥቶ፣ እሳታቸው ከምን ይንደድ የሚለው ጉዳይ ባለ ፋብሪካውንም መንግሥትንም ሲያነጋግር ኖሯል፤ በቦይለር የሚቃጠለው ከባድ ጥቁር ናፍጣ በውጭ ምንዛሪ ተገዝቶ የሚመጣ ስለሆነ፣ ከቆዳና ሌጦ ሽያጭ የተገኘው ዶላር ከፊሉ ተመልሶ በእሳት ይጠፋልና። በቅርብ ዓመታት ደግሞ ሌላ ሐሳብ ተጨምሮበታል፤ ኤሌክትሪኳን ከሞላ ጎደል ሁሉ ከውኃ የምታገኝ፣ በ2017 ዓ.ም. ጳጉሜን 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት ዐቅም ያለውን የዓባይን ግድብ የመረቀች አገር፣ ከዚያው ከውኃ ሃይድሮጅን አውጥታ ቦይለሯን ለምን አታነድም የሚል።

በሥነ ፍጥረት ትምህርት ውኃና እሳት ተቃራኒ ባሕርያት መሆናቸውን ለተማረ ሰው፣ ከውኃ ተለይቶ ወጥቶ የሚነድ፣ ነድዶም ተመልሶ ውኃ የሚሆን ነገር እጅግ ያስደንቀዋል፤ አድናቆቱም ተገቢ ነው። ነገር ግን አንድ ኪሎ ግራም ሃይድሮጅን ከውኃ ለመለየት ከ50 እስከ 55 ኪሎ ዋት ሰዓት ኤሌክትሪክ ሲጠይቅ፣ ሲነድ የሚመልሰው 33 ያህሉን ብቻ ነው። ስለዚህ በዚህ መንገድ የሚገኘው ሃይድሮጅን የኃይል ምንጭ ሳይሆን ተሸካሚ ነው፤ ተሸካሚም ስንቁን ከጭነቱ ላይ ይበላል።

ይህን ኪሳራ መታገሥ የሚገባው ብርቱ እሳት ግድ በሆነበት ሥራ ነው። ቆዳ ግን በባሕርዩ ብርቱ ሙቀትን የሚጠላ ነው፤ ጥሬው ቆዳ እርጥብ ሳለ ሙቀቱ ወደ 60 ዲግሪ ሲቃረብ ይጨማደዳል፣ ከዚያም ሲያልፍ ወደ ሙጫነት ይለወጣል። ስለዚህም ጠጕሩ በኖራ ሲለቅ ውኃው ለብ ከማለት አያልፍም፤ በክሮም ሲለፋ ከ40 ዲግሪ ብዙ አይርቅም፤ የማቅለሚያው ከበሮ እንኳ 60 ዲግሪን እምብዛም አይዘልም። ብራና የሚፍቁ ሊቃውንትም ቆዳውን ወጥረው በአየርና በፀሐይ እንጂ በእሳት አለማድረቃቸው ይህንኑ ጠባዩን ጠንቅቀው ከማወቃቸው የመጣ ይመስለኛል።

እንግዲህ 100 ኪሎ ዋት ሰዓት ኤሌክትሪክ በሃይድሮጅንና በቦይለር በኩል ዞሮ ከበሮው ዘንድ ሲደርስ 60 ያህል ሙቀት ሆኖ ይቀራል፤ ያው ኤሌክትሪክ በሙቀት ፓምፕ ቢያልፍ፣ ፓምፑ ከአየሩና ከፋብሪካው ሞቃት ፍሳሽ ሙቀት እየሳበ እስከ 300 ሊያደርሰው ይችላል። መብራት ሲጠፋስ ምን ይበጃል የሚል ክርክር ይነሣል፤ ክርክሩም ከንቱ አይደለም፤ ቢሆንም ለብ ያለ ውኃ ለሚሻ ሥራ፣ በሚገባ የተሸፈነ የሙቅ ውኃ ታንከር ከሃይድሮጅን ጎተራ ይልቅ ርካሽና ከፍንዳታ ሥጋት የራቀ መጠባበቂያ ነው። በአርዚኛኖና በሳንታ ክሮቼ ያሉ የኢጣልያ ቆዳ አልፊዎች የጋዝ ቧንቧ እስከ ደጃቸው ስለ ተዘረጋላቸው፣ በ2014 ዓ.ም. የጋዝ ዋጋ ሰማይ በነካ ጊዜም ብዙ ስለ ተጐዱ፣ ጋዝን በጋዝ ስለ መተካት ቢያስቡ አይፈረድባቸውም፤ ሞጆ ግን እንዲህ ያለ ቧንቧ የላትም።

ሃይድሮጅን በአገራችን ተገቢ ስፍራ ካለው፣ ከማዳበሪያ ፋብሪካ ዘንድ ነው፤ አሞንያ ያለ እርሱ አይሠራም፣ ገበሬውም በየዓመቱ ከውጭ የሚገዛ ዩሪያ ይጠብቃል። የሞጆን ወንዝ ያጐሳቈለው ደግሞ ክሮምና ሰልፋይድ የተሸከመው ፍሳሽ ስለሆነ፣ ቦይለሩ ምንም ያህል ንጹሕ እሳት ቢያነድድ፣ ከወንዙ በታች ከብት የሚያጠጣው ሰው ዕዳ አይቃለልለትም፤ ለቆዳ ፋብሪካዎች የሚውል ገንዘብ ከተገኘ፣ ክሮሙን ለይቶ ወደ ከበሮው የሚመልሰው ማጣሪያ ከሁሉ ይቅደም እላለሁ።