የትንሹ ሴባስቶፖል ጭቃ

ከሐይቅ ወደ ውጫሌ በሚወስደው መንገድ ዳር የቆመ የጭነት መኪና ልብ ብላችሁ ተመልከቱ። ጎማው ላይ የደረቀ ጭቃ፣ በበሩ እጀታ ዙሪያ በእጅ ብዛት የሳሳ ቀለም፣ ከነዳጅ ክዳኑ ሥር ወደ ታች የወረደ ጥቁር መስመር ታያላችሁ። የት እንደዋለና ምን እንደተሸከመ ያሳብቃል።

የጦር ተሽከርካሪ አሳንሰው የሚሠሩ ሰዎች ትልቁ ፈተናም ይኸው ነው። ቅርጹን ማውጣት አንድ ነገር ነው፤ ዕድሜውን ማውጣት ግን ሌላ። በዓለም ላይ በሰፊው የተለመደው ልኬት 1 ለ35 ነው። በዚህ ልኬት 1 ሜትር ከ75 የሚረዝም ሰው 5 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። በአምሳያው ላይ የተጫረች 1 ሚሊ ሜትር ደግሞ በእውነተኛው ታንክ ላይ 3 ሳንቲ ሜትር ተኩል ናት! ለዚህ ነው ባለሙያዎቹ የተላላጠ ቀለምን በብሩሽ ከመሳል ይልቅ በስፖንጅ ጫፍ ነካ ነካ የሚያደርጉት።

ታዲያ እኛ ታንክ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። ከአምባሰል ወደ ምዕራብ፣ እዚያው ደቡብ ወሎ ውስጥ፣ መቅደላ አናት ላይ ሴባስቶፖል አለ። አፄ ቴዎድሮስ በጋፋት አውሮፓውያን የእጅ ባለሙያዎችን አሠርተው፣ በክራይሚያ ጦርነት ስሟ በገነነው ከተማ የሰየሙት መድፍ ነው። ክብደቱ 7 ቶን ገደማ ይባላል። በጥቅምት 1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር ተነሥቶ መቅደላ የደረሰው በመጋቢት ነው። በሠረገላ ላይ ተጭኖ፣ በመቶዎች የሚቆጠር ሰው እየጎተተው፣ መንገዱም ከፊት ከፊቱ እየተጠረገ ጅጣንና በሽሎን ተሻገረ። ንጉሡ ሚያዝያ 6 ቀን ሲሠዉ መድፉ እዚያው ቀረ።

እንግዲህ ይህን መድፍ ከነሠረገላው አሳንሶ ለመሥራት የተነሣ ወጣት ምን ያድርግ? መጀመሪያ ቀይ የዝገት ቀለሙን ያስቀምጥ። ዝገት የብረት ነው፤ መድፉ ግን ነሐስ ነው። ነሐስ ሲያረጅ ይጠቁራል፣ በስንጥቁና በጎድጓዳው አረንጓዴ ያወጣል፣ እጅ በሚበዛበት ቦታ ደግሞ ያብለጨልጫል። ዝገት ቢያስፈልግ እንኳ በሠረገላው ብረቶች ላይ ብቻ ነው።

ቀጥሎ የጉዞውን ቅደም ተከተል ያስብ። ጥቅምት ክረምቱ ገና የወጣበት ወር ነው፤ ዋልካው ከጎማ አይላቀቅም። መጋቢት ደግሞ አቧራ ነው። ስለዚህ ጥቁሩ ጭቃ ከሥር፣ ነጣ ያለው አቧራ ከላይ ይሁን። አፈሩን ከአገሩ ቆፍሮ፣ አድርቆ፣ በጥሩ ወንፊት ነፍቶና በሙጫ አላቁጦ ቢቀባው የትኛውም ከውጭ የሚመጣ ቀለም አይስተካከለውም። ገመዱ የሚታሰርበት እንጨት መላግ አለበት፤ መቶዎች የጎተቱት ገመድ አሻራ ሳይተው አይቀርም።

አዲስ አበባ፣ ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ የቆመውን አምሳያ ብዙዎቻችን እናውቀዋለን። የንጉሡን ሕልም ያሳየናል፤ ክብሩም የሚገባው ነው። የጎታቹን ላብ ግን አያሳይም። የዚያ ገበሬና ወታደር ስም በየትኛውም ሐውልት ላይ አልተጻፈም። በጣት በምትለካ ጎማ ላይ በትክክል የተቀባ ጭቃ ቢያንስ እዚያ እንደነበረ ይመሰክርለታል።