ፀሐይ የምትስለው ተኩላ

ጌም ምከሩኝ ለሚል ሰው መልሱ አብዛኛውን ጊዜ የታወቀ ነው። ኳስ ከወደደ ፊፋ፣ ተኩስ ከወደደ ኮል ኦፍ ዲዩቲ፣ ግርግር ከወደደ ጂቲኤ ይባላል። እነዚህን ግን ማንም ሳይመክረው ያገኛቸዋል። ምክር የሚያስፈልገው ተመልካች ላጣ ጌም ነው፤ የእኔ ምክር ደግሞ ሁሌም ከ«ኦካሚ» ይጀምራል። የተሠራው ለፕሌይስቴሽን 2 ነው፤ ያ ማሽን በየሰፈሩ ጌም ቤት ከኳስ ሌላ ሥራ የሌለው ይመስል በነበረበት ዘመን። ተራ እየጠበቀ ዊኒንግ ኢለቨን ሲጫወት ያደገ ሰው ስሙን እንኳ ሳይሰማ ቢያልፍ አይገርምም።

ጌሙን የሠራው በጃፓኑ ካፕኮም ሥር የነበረው ክሎቨር ስቱዲዮ ሲሆን፣ ለገበያ የበቃው በ2006 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ዳይሬክተሩ ሂደኪ ካሚያ ከዚያ በፊት «ሬዚደንት ኢቭል 2»ን እና «ዴቭል ሜይ ክራይ»ን የመራ፣ በደምና በጩኸት የሚታወቅ ሰው ነበር። እዚህ ግን ተጫዋቹ የሚሆነው አማቴራሱን ነው፤ በጃፓናውያን እምነት የፀሐይ አምላክ የሆነችውን፣ በነጭ ተኩላ አካል። ኦሮቺ የሚባል ስምንት ራስ ያለው ዘንዶ ከመቶ ዓመት እስራት ተፈትቶ አገሩን ጨለማ ሲያለብሰው እሷም ከተቀረጸችበት ድንጋይ ነቅታ ትነሳለች። ጀርባዋ ላይ ኢሱን የሚባል፣ ቁመቱ ከትንኝ ብዙም የማይበልጥ ሰዓሊ ተሳፍሮ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይለፈልፋል። እሷ አትናገርም፤ ወሬው ሲበዛባት ታዛጋለች፣ አንዳንዴም ጭራሽ ትተኛለች።

ምስሉን ያየ ሁሉ መጀመሪያ የሚገረመው በአሣሣሉ ነው። ዛፉ፣ ተራራው፣ ፀጉሯ ሁሉ በወፍራም የቀለም ብሩሽ የተሳበ መስመር ይመስላል፤ ከሥሩም የአሮጌ ወረቀት ገጽ ይታያል። ሠሪዎቹ ሲነሱ ያሰቡት ግን ይህን አልነበረም። መጀመሪያ የሞከሩት እውነተኛውን ተፈጥሮ የሚመስል ጫካ ነበር፤ ያንን ግን የፕሌይስቴሽን 2 አቅም አልቻለውም። ወደ ጥንታዊው የጃፓን የቀለም ሥዕል የዞሩት ያን ጊዜ ነው። ዘንድሮ የዚያን ዓመት «እውነተኛ መሳይ» ጌሞች መለስ ብሎ ለሚያይ ሰው ፊታቸው ሰም የተቀባ አሻንጉሊት ይመስላል፤ ኦካሚ ግን ትናንት የተሣለ ነው ቢሉት ያምናል።

ብሩሹ ለጌጥ ብቻ አልቀረም። አንድ ቁልፍ ተጭኖ ሲያዝ ሁሉም ነገር ባለበት ይቆማል፤ ስክሪኑ ብራና ይሆንና ብሩሽ ይመጣል። ሰማዩ ላይ ክብ ቢስሉ ፀሐይ ትወጣለች። የጨረቃ ቅርጽ ቢስሉ ይመሻል። ጠላት ላይ ቀጥ ያለ መስመር ቢያሳልፉ ለሁለት ይሰነጠቃል፤ የደረቀ ዛፍ በክብ ቢከበብ ያብባል፤ ጫፉ የተጠቀለለ መስመር ነፋስ ያስነሳል። ጥበቡን የሚያስተምሩት 13 የብሩሽ አማልክት ናቸው፤ ሁሉም በእንስሳ መልክ የሚገለጡ ሲሆኑ፣ እነሱን አንድ በአንድ እየፈለጉ ማግኘት የጉዞው አከርካሪ ነው። ታዲያ ብሩሹ ለጦርነት ብቻ አይደለም። ካሚኪ በምትባለው መንደር ሰው ሁሉ ድንጋይ ሆኖ ቆሟል፣ ሰማዩ ጠቁሯል። ተጫዋቹ ብሩሹን አንስቶ ክብ ይስላል፤ ክቡ ቢንጋደድም ማንም አይቆጣ፤ ፀሐይዋ ትወጣለች፣ መንደሩም ነፍስ ይዘራል። ይህን ያህል ተአምር ያደረገችው አምላክ ብዙም ሳትቆይ የምትሠራው ሌላ ሥራ ምን ይመስላችኋል? የአንዲት አሮጊት የልብስ ማስጫ እንጨት ጠፍቷልና እሱን በመስመር መተካት ነው። እኔን ጌሙ የያዘኝ እዚህ ጋ ነው።

ምክንያቱም የጌሙ ትልቁ ብልሃት በሒሳቡ ውስጥ ነው። ብዙ ጌሞች ላይ መግደል ነጥብ ይሰጣል፣ ነጥቡ ጉልበት ይሆናል፣ ጉልበቱ ለባሰ መግደል ያገለግላል። ኦካሚ ሁለቱን ለያይቷቸዋል። ውጊያ የሚሰጠው በአመዛኙ ገንዘብ ነው፤ በገንዘቡ መድኃኒትና መሣሪያ ይገዛል። ዕድሜዋን ማርዘምና የብሩሿን ቀለም ማብዛት ግን በገንዘብ አይሆንም፤ ምስጋና ይጠይቃል። ምስጋና ደግሞ የሚገኘው የደረቀ ዛፍ ሲያብብ፣ የተቸገረ ሰው ሲረዳ፣ የተራበ እንስሳ ሲበላ ነው። ከነጋዴው ጥሬ ገዝተው ወፎች አጠገብ ሲቆሙ ጌሙ ሥራውን ሁሉ አቁሞ ሲለቅሙ ያሳያል። የቸኮለ ተጫዋች «ይህ ለምን ይጠቅማል?» ይል ይሆናል። የሚጠቅመውማ፣ ዘንዶው ፊት ሲቆም አንድ ንክሻ ለመቋቋም ነው።

ይህ ከታሪኩም ጋር የተሰፋ ነው። የአማቴራሱ ኃይል የተሟጠጠው ሰው ስለረሳት ነው። ተጫዋቹ ፊቷ ላይ ቀይ ምልክት፣ ጀርባዋ ላይ የእሳት ነበልባል የከበበው መስተዋት ያያል፤ አብዛኛው መንደርተኛ ግን ተራ ነጭ ተኩላ ብቻ ነው የሚታየው። ቀለሟ ተንጠፍጥፎ ሲያልቅ ለተጫዋቹም እንደዚያው ትሆናለች፤ ምልክቱ ይጠፋል፣ መሣሪያዋም አይታዘዝም። የተረገመ ሜዳ መሐል ያለው ቡቃያ ሲያብብ ደግሞ አረንጓዴው ከመሐል ተነስቶ ተራራውን እየወጣ፣ ወንዙን እያጠራ፣ አበባ እየበተነ አገሩን ያዳርሳል። ቁልፍ የሚጫን ነገር የለም፣ ዝም ብሎ ማየት ነው። ይህን ትርኢት ቸኩሎ የሚዘል ሰው ካለ የእኔን ምክር ባይሰማ ይሻላል።

እንከኑ ይነገር ከተባለም ይነገራል። አጀማመሩ ዘገምተኛ ነው፤ በሥዕል የሚተረከው መግቢያ ሻይ አፍልቶ ያስጠጣል። ገጸ ባሕርያቱ የሚያወሩት ትርጉም የሌለው ማጉረምረም ስለሆነ ነገሩ ሁሉ በእንግሊዝኛ ጽሑፍ ይነበባል፤ ንባብ ለሚሰለቸው ይከብደዋል። ኢሱን እንቆቅልሹን ተጫዋቹ ሳያስብበት መልሱን ይዘከዝካል፣ ሴት ባየ ቁጥርም አፉ አያርፍም። ውጊያው ለለመደ ሰው ቀላል ነው። አንድ ወጥመድም አለ፤ ኦሮቺ በሳኬ መጠጥ ሰክሮ ሲወድቅና መንደሩ ሲደግስ ብዙ ሰው ጌሙ ያለቀ ይመስለዋል። ገና ግማሹ አልደረሰም።

ታዲያ ይህን የመሰለ ነገር ለምን አልተሸጠም? በእኔ ግምት ዋናው ጊዜው ነው። አሜሪካ የገባው መስከረም 2006 ላይ ሲሆን፣ ኅዳር ላይ ፕሌይስቴሽን 3 እና ዊ ወጡ፤ የሰው ዓይን ወደ አዲሱ ማሽን ዞሯል። ይባስ ብሎ ከዊ ጋር አብሮ የወጣው «ዘልዳ» ጀግናው ተኩላ የሚሆንበት ነበር፤ ዕድል ስትከዳ እንዲህ ነው። ካፕኮም ክሎቨርን እንደሚዘጋ ያሳወቀው በዚያው ዓመት ጥቅምት ነው። አይጂኤን የተባለው የጌም ድረ ገጽ ግን የዓመቱ ምርጥ ብሎ ሸለመው። በ2008 ለዊ ሲታተም እንኳ የአሜሪካው ሽፋን ላይ ምስሉ ከዚሁ ድረ ገጽ የተወሰደ ኖሮ የአይጂኤን ማኅተም ሳይነሳ ቀረ፤ ካፕኮም ለገዢዎች ምትክ ሽፋን በነጻ ለመላክ ተገደደ። እስከ 2009 መጀመሪያ የተሸጠው 600 ሺህ አልሞላም፤ የጊነስ የጌም መዝገብም የዓመቱ ምርጥ ተብለው ከተሸለሙት ሁሉ በገበያ ያልቀናው ብሎ መዝግቦታል።

የሠሪዎቹ ዋና ሰዎች ተሰባስበው ፕላቲነም ጌምስን አቋቋሙ፣ «ቤዮኔታ»ን ሠሩ። ኦካሚ ደግሞ ምስሉ ጠርቶ በ2012 ለፕሌይስቴሽን 3፣ በ2017 ለፕሌይስቴሽን 4፣ ለኤክስቦክስ ዋንና ለኮምፒውተር፣ በ2018 ለስዊች ወጣ። ታኅሣሥ 2024 ላይ ካሚያ ራሱ የሚመራው ተከታይ እየተሠራ መሆኑ ታወጀ፤ እሱ እስኪደርስ የመጀመሪያውን ለመጨረስ ሰፊ ጊዜ አለ።

የትኛው ማሽን ላይ ይሻላል ለሚል፦ ኮምፒውተር ላይ በማውስ መሣል ከጆይስቲክ ይልቅ እጅ ያዝናናል፣ ጌሙም የቆየ በመሆኑ ውድ ማሽን አይጠይቅም። ስዊች ያለው ሰው ግን በእጁ ይዞ ስክሪኑን በጣቱ እየነካ ፀሐይዋን ራሱ ይሣላት። በጆይስቲክ የሚጫወት ሰው ክቡን ቀስ ብሎ ጫፍና ጫፉን ያገናኝ፤ ካልገጠመ ጌሙ ምን እንደተሣለ አያውቅለትም።