ጋምቤላ የደጋ ቤት ለብሳ እስከ መቼ?

ጋምቤላ ከተማ ባሮ ወንዝ ዳር፣ ከባሕር ወለል በላይ 500 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። አዲስ አበባ ደግሞ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። በበጋው ማብቂያ፣ በየካቲትና በመጋቢት፣ ጋምቤላ 40 ዲግሪ ሴልሺየስ መድረሷ እንግዳ ነገር አይደለም። ሆኖም በሁለቱ ከተሞች የሚሠራው ቤት ብዙም አይለያይም፦ የብሎኬት ወይም የጭቃ ግድግዳ፣ አነስተኛ መስኮት፣ የቆርቆሮ ክዳን። ብርድ እንዳይገባ የታሰበው የደጋ ቤት ቆላ ሲወርድ ሙቀት አፍኖ ይይዛል።

ጉዳዩ ሕግ አጥቶ አይደለም። የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 በ2001 ዓ.ም.፣ የኢነርጂ አዋጅ ቁጥር 810 ደግሞ በ2006 ዓ.ም. ወጥተዋል። ሁለተኛው የኢነርጂ ብቃትንና ቁጠባን ሕጋዊ መሠረት ሰጥቷል። የኢነርጂ ኦዲት፣ ማለትም የኢነርጂ አጠቃቀም ምርመራ፣ ሲባል ግን ቶሎ ወደ ሰው አእምሮ የሚመጣው ፋብሪካ ነው። መኖሪያ ቤትን ሙቀት ከየት ገባ፣ በየት ወጣ ብሎ የሚመረምር ባለሙያ በጋምቤላ መንደሮች ቢዞር ሥራ አያጣም።

ምርመራው ከጣሪያ መጀመር አለበት። ጋምቤላ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 8 ዲግሪ ላይ ስለሆነች ፀሐይዋ እኩለ ቀን ላይ ወደ አናት ትጠጋለች። በጠራ ሰማይ እያንዳንዱ ካሬ ሜትር ጣሪያ 1,000 ዋት ገደማ ይቀበላል፤ በ30 ካሬ ሜትር ክዳን ሲሰላ 30 ኪሎ ዋት ይሆናል። አንድ አሥረኛው ብቻ ወደ ውስጥ ቢዘልቅ እንኳ ከቤተሰቡ አናት በላይ የእንጀራ ምጣድ ተሰክቶ እንደ መዋል ነው።

በሽጉጥ መልክ የተሠራውን የሙቀት መለኪያ እኩለ ቀን ላይ ኮርኒስ ወደሌለው ቆርቆሮ ያነጣጠረ ሰው ከ60 ዲግሪ በላይ ቢያነብ አይደንቅም። ያረጀና የዛገ ቆርቆሮ ከአዲሱ ይበልጥ ይግላል፤ ጥቁር ቀለም የተቀባ ኢጋ ቆርቆሮም እንደዚያው። ነጭ ወይም ፈዛዛ ቀለም ግን አብዛኛውን ብርሃን ይመልሳል። በአንድ ክፍል ውስጥ ያለው አየርና የክዳኑ ግለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። አየሩ 36 ዲግሪ ሆኖም የጋለው ክዳን በጨረር ሰውን ያቃጥላል፤ ልጆች ከሰዓት በኋላ መማሪያ ክፍል ውስጥ የሚዝሉበት አንዱ ምክንያትም ይህ ነው።

የአካባቢው ነባር ቤቶች ይህን ችግር ፈተው ነበር። የኑዌሮች ክብ ቤትና ሉዋክ የሚባለው ትልቁ የከብት ቤታቸው ወፍራም የሣር ክዳን አላቸው፤ የአኙዋክ ቤቶችም እንዲሁ በሣር ይከደናሉ። በደረቅ ሣር መካከል የታሰረው አየር ብዙ ሙቀት አያሳልፍም፤ ብረት ከሣር በመቶዎች እጥፍ ያስተላልፋል። ሣሩ ግን ምስጥ ይበላዋል፣ እሳት ይፈራል፣ በየጥቂት ዓመቱም ይታደሳል። ክልሉ ከ300 ሺህ በላይ የደቡብ ሱዳን ስደተኞችን በሚያስጠልልበት በዚህ ዘመን ለሁሉም የሚሆን ሣርና እንጨት ማግኘት ቀላል አይደለም። ስለዚህ ቆርቆሮውን የመረጠ ሰው አይወቀስም፤ የጎደለው ከቆርቆሮው ሥር ያለው ነው።

ያ ጉድለት በውድ ዕቃ አይሞላም። ኮርኒስ ማስገባት፣ በኮርኒሱና በቆርቆሮው መካከል አየር የሚዘዋወርበት ክፍተት መተው፣ በሁለቱ ጫፎች ላይ የጋለ አየር የሚወጣበት ቀዳዳ ማበጀት በቂ ጅምር ነው። ቀጥሎ ግድግዳው ይመጣል፦ የቤቱ ረጅም ጎን ወደ ሰሜንና ደቡብ ቢዞር፣ ምሥራቅና ምዕራቡን በረንዳ ወይም ዛፍ ቢጋርደው ይበጃል። ቀኑን ሙሉ የፀሐይ ሙቀት የጠጣ የብሎኬት ግድግዳ ከመሸ በኋላ ወደ መኝታ ቤት ይተፋዋል።

ነፋስን ማስገባት ግን በጋምቤላ ከወባ ጋር መታገል ነው። ትንኝ ፈርቶ መስኮት የዘጋ ቤተሰብ ሌሊቱን በላብ ያሳልፋል። የትንኝ ሽቦ የተገጠመለት፣ ፊት ለፊት የተቃረነ መስኮት ሁለቱን ያስታርቃል፤ ሽቦው በአቧራ ሲደፈን ነፋሱን ስለሚገታ መታጠብ አለበት። አጎበሩም እንዳይቀር፤ ነገር ግን እሱ ራሱ ነፋስ ስለሚቀንስ ቬንትሌተር ቢኖር ለአልጋው ይቅረብ። ቬንትሌተር ክፍሉን አያቀዘቅዝም፤ ላብን አድርቆ ሰውን ያቀዘቅዛል። 60 ዋት ገደማ ይበላል፤ መካከለኛ ኤሲ ግን 1,200 ዋት አካባቢ ስለሚወስድ የእሱን 20 እጥፍ ይጠይቃል። ጣሪያው ሳይታከም የተገዛ ኤሲ የወር ሂሳብ ይጨምራል፤ መብራት በጠፋ ሰዓትም ያው ግለት ይመለሳል።

ይህን ለማስተካከል ቀላሉ ቦታ የግንባታ ፈቃድ መስጫው ጠረጴዛ ነው። ፕላን ሲቀርብ መሠረቱና ግድግዳው እንደሚታየው ሁሉ ኮርኒስና የጣሪያ ክፍተት አለ ወይ፣ የክዳኑ ቀለም ምንድን ነው፣ ረጅሙ ጎን ወዴት ዞረ፣ መስኮቶቹ ፊት ለፊት ተቃርነዋል ወይ የሚሉ አራት ጥያቄዎች ቢጨመሩ አዲስ የሚሠሩ ቤቶች፣ ትምህርት ቤቶችና ጤና ጣቢያዎች ከጅምሩ ይቃናሉ። ለነባሮቹ ደግሞ ከመጪው በጋ በፊት ኮርኒስ በሌላቸው የመማሪያ ክፍሎች መጀመር ይቻላል።