ከኮሶዬ እስከ ደባርቅ ስለሚገኙ ምግብ ቤቶች

ከጎንደር ወደ ደባርቅ የሚመላለሱ ነጋዴዎች ስለ ጎዳናው ምግብ ቤቶች የሚያሰሙት ቅሬታ ከዋጋው ይልቅ በመዘግየቱና በወጡ አለመብሰል ላይ ነው። እኛም አንድ ዓርብ ቀን ኮሶዬን አልፈን ባረፍንበት ቤት አንድ ሰዓት ጠብቀን የቀረበልን ምስር እንደ ጠጠር ነበር።

ሆኖም ወይዘሮዋን መውቀስ አይገባም፤ ምክንያቱ የአገሩ ከፍታ ነው። ደባርቅ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ስለ ሆነች፣ በባሕር ዳርቻ በ100 ዲግሪ የሚፈላው ውሃ በዚያ በ90 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ምንም ቢንተከተክ ሙቀቱ ከዚያ አያልፍም፤ እሳት መጨመርም ማገዶ ማባከን ነው። ስለዚህ ጥራጥሬ ሌሊቱን ካልተዘፈዘፈ ለምሳ አይደርስም። ሽሮ ግን አስቀድሞ ተቆልቶ የተፈጨ በመሆኑ፣ ረቡዕና ዓርብ እርሱን የሚያዝ መንገደኛ አይጸጸትም። በፍስክም ቀን ጥብስ ያለ ውሃ ስለሚበስል ከፍታው አያግደውም። የገብሱ ጠላማ ምስጋና እንጂ ቅሬታ የለበትም።

ለባለ ሱቆች የምናሳስበው አለ። እንፋሎት አፍኖ የሚይዘው ባለ ጎማ ክዳን ድስት ውሃውን ከ100 ዲግሪ በላይ ስለሚያሞቀው፣ ለእነዚህ ቤቶች ተፈላጊ ሸቀጥ ሊሆን ይችላል። አስመጪውም መለዋወጫ ጎማውን አብሮ ያምጣ፤ ጎማው ያረጀበት ድስት ከተራው አይሻልምና።