እንደልብ በሚንቀሳቀሱ ሦስት አፅቄዎች ላይ ስለሚካሄድ የነርቭ ምዝገባ፦ የስያሜ ማብራሪያ

«በነፃነት የሚንቀሳቀሱ ነፍሳት የሕዋሳት ቅጂ» የሚለውን ሐረግ ያለ ማብራሪያ ያነበበ ሰው ስለ ሙታን መንፈስ የተጻፈ ሊመስለው ይችላል። ነፍሳት ንብንና ትንኝን ብቻ ሳይሆን የነፍስን ብዙ ቁጥርም ያመለክታል፤ ሕዋሳት ከሥነ ሕይወታዊ ፍቺው ሌላ የቆየውን የአምስቱን ስሜቶች ፍቺ አልለቀቀም፤ ቅጂ ደግሞ ግልባጭ ነው። ስለዚህ ስያሜ ከመምረጣችን በፊት ድርጊቱን መረዳት ይገባናል።

የነርቭ ሕዋስ መልእክት የሚያስተላልፈው አንድ ሺሕኛ ሴኮንድ ያህል በሚቆይ የኤሌክትሪክ ምት ነው። ተመራማሪው እጅግ ቀጭን ሽቦ ወደ አንጎል አስገብቶ ምቱን በመሣሪያ ካጎላ በኋላ ይመዘግበዋል። የንብ አንጎል አንድ ኩብ ሚሊሜትር ገደማ ሆኖ ሳለ አንድ ሚሊዮን ያህል የነርቭ ሕዋሳት ይዟል። ለብዙ ጊዜ ምዝገባው የተካሄደው በታሰረች ንብ ላይ ነበር። የበርሊን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2020 ባሳተሙት ጥናት ግን ሽቦ የተተከለባቸው ንቦች በሌሎች ንቦች መካከል ሲመላለሱ ምቱ ተመዝግቧል።

የጥናቱ ቁም ነገር ያለው እዚህ ላይ ነው። በጅማ ዙሪያ ባሉት የቡና ከተሞች ለገበያ የሚቀርበውን ማር የሚያመርተው፣ ቀፎውን በዛፍ ላይ የሚሰቅል ንብ አናቢ፣ የንብን ጠባይ የሚያውቀው ስትወጣና ስትገባ ተመልክቶ እንጂ ይዞ አስሮ አይደለም። ተርጓሚው የንቧን አኳኋን የሚገልጸውን ቃል ቢዘነጋ የጥናቱን አዲስነት ራሱን ያስቀራል። «ነፃ» ማለትም በቂ አይደለም፤ ንቧ ሽቦ ተሸክማለችና ነፃ አይደለችም፤ እርምጃዋ ግን የራሷ ነው። ይህን «እንደልብ» የሚለው ቃል ይበልጥ ይገልጸዋል።

«ነርቭ» በሚለው ፈንታ «ጅማት» ማለትም ያሳስታል። እ.ኤ.አ. በ1993 በበረራ ላይ ካለ አንበጣ ያለ ሽቦ የተላለፈው ምልክት የጡንቻ እንጂ የነርቭ አልነበረም፤ ጅማት ደግሞ ጡንቻን ከአጥንት የሚያያይዘው ክፍል ስም ስለ ሆነ አንባቢው ሁለቱን ጥናቶች መለየት ይሳነዋል።

ስለዚህ ለእንስሳቱ «ሦስት አፅቄ»፣ ለሕዋሱ «የነርቭ ሕዋስ»፣ ለምልክቱ «የኤሌክትሪክ ምት»፣ ለድርጊቱ «ምዝገባ»፣ ለአኳኋኑ «እንደልብ» እንዲባል ሐሳብ እናቀርባለን። የተሻለ ስያሜ ያለው አንባቢ ቢያቀርብልን በደስታ እንቀበላለን።