ቤቱ ተዘግቶ ውርርዱ የት ሄደ?

ኅዳር 13 ቀን 2015 ዓ.ም. በኳታሩ የዓለም ዋንጫ አርጀንቲና ከሳዑዲ ዓረቢያ ጋር ስትጋጠም ሰዓቱ ከቀኑ 7 ሰዓት ነበር። የኳታርና የአዲስ አበባ ሰዓት አንድ ስለሆነ መርካቶ ገበያዋ ደርቶ ሳለ ነው ኳሱ የተጀመረው። አርጀንቲና ለ36 ጨዋታዎች ሳትሸነፍ የመጣች፣ ሜሲ ደግሞ በ10ኛው ደቂቃ በፍጹም ቅጣት ምት ያስቆጠረላት ቡድን ነበረች። የውርርድ ትኬት የቆረጠ ሰው ስለዚህ ጨዋታ አይጨነቅም። ኦዱ፣ ማለትም ያስያዙት ብር የሚባዛበት ቁጥር፣ ትንሽ ነው፤ ብቻውን ምንም ባያመጣም ከሌሎቹ ጋር ሲባዛ ትኬቱን ከፍ ያደርጋል ተብሎ የሚገባ ጨዋታ ነው። ከዕረፍት መልስ ሳዑዲዎች በአምስት ደቂቃ ልዩነት ሁለት አገቡ፤ 2 ለ 1 አለቀ። በማግስቱ ጃፓን ጀርመንን በዚያው ውጤት ረታች። ሁለቱን ኃያላን በአንድ ትኬት ያሰረ ሁሉ ተበላ።

ስለዚያ ሰሞን ሲወራ ጥፋቱ ዛሬም በሜሲ ይላከካል። ሒሳቡ ግን ሌላ ይላል። አንድ ሰው በ100 ብር አሥር ጨዋታ ቆረጠ እንበል፤ የእያንዳንዱ ኦድ 1.20 ነው። ሲባዛ 6.19 ይመጣል፤ አሥሩም ከሠመሩ 619 ብር ይቀበላል። እነዚያ ቡድኖች ከአሥር ጨዋታ ስምንቱን የሚያሸንፉ ጠንካሮች ቢሆኑ እንኳ፣ አሥሩም በአንድ ላይ የሚሳካላቸው ከመቶ ትኬት በ11 ገደማው ብቻ ነው። መቶው ትኬት 10,000 ብር በልቶ ከ7,000 ብር በታች ይመልሳል። ያው ሰው በአንድ ጨዋታ ብቻ ቢወራረድ ኖሮ በአማካይ የሚያጣው ከመቶ ብር አራት ብር ነበር። አወራራጁ ከአንድ ጨዋታ የሚያስቀራት ጥቂት ነገር ጨዋታው በበዛ ቁጥር እየተባዛች ትሄዳለች። ብዙ ጨዋታ ለያዘ ትኬት ቦነስ የሚታከለው አወራራጁ ቸር ስለሆነ እንዳይመስላችሁ።

ከሒሳቡ የሚከፋው ደግሞ ስሜቱ ነው። ዘጠኙ ገብቶ አንዱ ያመለጠው ሰውና አሥሩም የከሸፉበት ሰው እኩል ባዶ እጃቸውን ናቸው። የመጀመሪያው ግን «በአንድ ጨዋታ ተበላሁ» ብሎ፣ ለትንሽ የሳተ መስሎት ነገ ይመለሳል።

መርካቶ ለዚህ ነገር ለምን ተመቸች? ገንዘቡ በቀን ስለሚገባ ይመስለኛል። ጫኝና አውራጁ በመኪና፣ ተሸካሚው በጀርባው፣ ደላላው በአንድ ሽያጭ፣ የሱቅ ልጁ በቀን አበል ነው የሚያድረው። አንዱ መኪና ተራግፎ ሌላው እስኪመጣ ያለው ሰዓት ባዶ ነው፤ ኪስ ውስጥ ያለው ጥሬ ብር ደግሞ ቤት ኪራይ የሚሞላ አይደለም። የቤት ኪራይ የማይሞላ ብር ትኬት ለመቁረጥ ግን ይተርፋል። ወር ጠብቆ ደመወዝ የሚቀበል ሰው ይህን ፈተና በዚህ መልኩ አያውቀውም።

የሚያሳዝነው መርካቶ ለዕለት ገቢ የራሷ መላ ያላት ገበያ መሆኗ ነው። የዕለት ዕቁብ አለ። ጠዋት ጠዋት እየዞረ የሚሰበስበው ሰው አለ፤ ዕጣ አለ፤ ዳኛ አለ፤ ዋስ አለ። ዕቁብም ዕድል ይገባበታል፤ ነገር ግን ዕጣው የሚወስነው ገንዘቡ መቼ እንደሚደርስ ነው እንጂ መድረሱን አይደለም። መጨረሻ የወጣለት ሰው ያስገባውን ሁሉ ያገኛል። ከዚህ ዕጣ ጋር ያደገ ልጅ ወደ ቤቲንግ ቤት ሲገባ፣ ዕድል ማለት እዚያም ወረፋ ጠብቆ የሚደርስ ነገር ቢመስለው አይፈረድበትም።

መንግሥትም በዚህ ነገር እንግዳ አይደለም። ብሔራዊ ሎተሪ የተቋቋመው በ1954 ዓ.ም. ነው፤ ያው አዲስ አበባ ላይ በሉቺያኖ ቫሳሎ የሚመራው ብሔራዊ ቡድናችን ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፎ የአፍሪካን ዋንጫ ያነሳበት ዓመት። የስፖርት ውርርድ ሲመጣም ፈቃድ ሰጪው ይኸው ሎተሪ ሻጭ መሥሪያ ቤት ሆነ። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅም ከዕድል ጨዋታ በሚገኝ ገቢ ላይ 15 በመቶ ግብር ጥሎ ከ1,000 ብር በታች ያለውን ነጻ አድርጓል። ስለዚህ አወራራጆቹ የጨለማ ሥራ አልሠሩም፤ ፈቃዳቸውን ግድግዳ ላይ ሰቅለው ነው ደጃፋቸውን የከፈቱት።

በ2015 ዓ.ም.፣ የኳታሩ የዓለም ዋንጫ በተካሄደበት በዚያው ዓመት፣ የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ቤቲንግ ቤቶቹን ዘጋ። ወጣቱ ለሱስና ለወንጀል እየተጋለጠ ነው፣ ነዋሪውም አማሯል ተባለ። አማሯል መባሉ እውነት ነው፤ ልጇ የዕለት ገቢውን እዚያ አራግፎ የሚገባባት እናት ሲዘጉ ብታመሰግን የሚገርም አይደለም። ነገር ግን አንዱ የመንግሥት እጅ የፈቀደውን ሌላው እጅ ሲዘጋ በመካከል ያለው ጥያቄ ሳይነሳ ቀረ፦ ክፉው ነገር ቤቱ ነው ወይስ ትኬቱ?

ቤቱ ከሆነ ነገሩ አልቋል። ትኬቱ ከሆነ ግን እሱ ቀድሞ ወደ ስልክ መንገድ ጀምሯል። ቴሌብር የመጣው በግንቦት 2013 ዓ.ም. ነው። አወራራጆቹ የስልክ ገጽ አላቸው፤ ብር የሚገባውም የሚወጣውም በስልክ ነው። ቤቲንግ ቤቱ፣ ክፋቱ እንዳለ ሆኖ፣ በር ነበረው። እናት በር ላይ ቆማ ልጇን ትጠራለች፤ ፖሊስ ይገባል፤ ካሸሩ ፊቱን አይቶ «አንተ ልጅ ነህ» ሊለው ይችላል። ካሽ ሲያልቅም ጨዋታው ያልቃል። ስልክ ይህ ሁሉ የለውም። እኔ ቤቶቹ ተመልሰው ይከፈቱ እያልኩ አይደለም፤ የተዘጋው ግን ለቁጥጥር ይቀል የነበረው ክፍል ነው ባይ ነኝ።

ኬንያ ይህን ከእኛ ቀድማ አይታዋለች። በ2019 እ.ኤ.አ. ከግብር ጋር በተያያዘ ውዝግብ እንደ ስፖርትፔሳ ያሉ ትልልቅ ድርጅቶች ሥራ አቁመው ነበር፤ ተወራራጁ ግን ውርርዱን አልተወም፣ ወደ ቀሩት ዞረ።

ስለዚህ ክርክሩ ስለ ትኬቱ ራሱ ቢሆን ይሻላል፦ በአንድ ትኬት ስንት ጨዋታ ይታሰር፣ አንድ የስልክ ቁጥር በቀን ስንት ብር ያስይዝ፣ ራሱን ማገድ የሚፈልግ ሰው በአንድ ጥያቄ ከሁሉም ድርጅት ይታገድ ወይ። የስልክ ገንዘብ እያንዳንዷን ብር ስለሚመዘግብ ይህን ማስፈጸም በጥሬ ብር ዘመን ከነበረው ይልቅ ይቀላል። ፈቃድ ሰጪው ከሎተሪ ሻጩ ቢለይም አይከፋም።

ጊዜውም አጭር ነው። የ2026 የዓለም ዋንጫ፣ በእኛ ከሰኔ 4 እስከ ሐምሌ 12 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ከ32 ወደ 48 ቡድን፣ ከ64 ወደ 104 ጨዋታ ያደገ ነው። የሚካሄደው አሜሪካ፣ ካናዳና ሜክሲኮ ስለሆነ ጨዋታዎቹ በአዲስ አበባ ሰዓት የሚውሉት በአብዛኛው በምሽትና በሌሊት ነው። በዚያ ሰዓት ቤቲንግ ቤት ቢኖርም የሚዘጋበት ነው፤ ስልክ ግን አይዘጋም።